አንድሮይድ ስቱዲዮን አስነስቶ የመጀመሪያውን አፕ ስልክ ላይ እስከመጫን፦ ለደካማ ላፕቶፕና ለሚቆራረጥ ኢንተርኔት

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልዲያ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። "ወንድሜ፣ ስቱዲዮ ጫንኩ፣ ፕሮጀክት ከፈትኩ፣ ታች ቀይ ጽሑፍ ሞላ። አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ ያው ነው። ምን ላድርግ?" እንደገና መጫኑን ተዉት። ሶፍትዌሩ፣ ማለትም የአንድሮይድ አፕ የሚሠራበት አንድሮይድ ስቱዲዮ፣ አልተበላሸም፣ ማውረዱን አልጨረሰም። ስቱዲዮን ስትጭኑ ሁሉም ነገር አብሮ አይወርድም። ብዙው የሚወርደው የመጀመሪያውን ፕሮጀክት ስትከፍቱ ነው፣ ያኔ ዳታ ካለቀ ወይም መብራት ከሄደ ግማሽ ፋይል ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ስቱዲዮው ያንን ግማሽ ፋይል ሙሉ መስሎት እየከፈተ ይወድቃል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ኢንተርኔት የሚፈልገውን ሁሉ በአንድ መቀመጫ ጨርሱ። ከዚያ ስቱዲዮን ከኢንተርኔት ቆርጣችሁ ሥሩ።

ለምሳሌ የምንሠራው ትንሽ አፕ ነው፦ የባቲን የሰኞ ገበያ ዋጋ መመዝገቢያ። የዕቃ ስም ይጻፋል፣ ዋጋ ይጻፋል፣ ይቀመጣል። የሜኑ ስሞችን ስክሪኑ ላይ እንደሚነበቡ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ። አዲሶቹ ስቱዲዮዎች ላይ "ፋይል" እና "ቢልድ" የሚሉት ሜኑዎች ካልታዩዋችሁ ከላይ በግራ ጥግ ያሉትን ሦስት አግድም መስመሮች ንኩ፣ እዚያ ውስጥ ናቸው።

1. ከማውረዳችሁ በፊት

ራም። ዝቅተኛው የሚጠየቀው 8 ጂቢ ነው። ኢሙሌተር፣ ማለትም ላፕቶፑ ላይ የሚከፈተውን ስልክ መሰል መስኮት፣ ከፈለጋችሁ 16 ያዙ። 8 ያላችሁ ሰዎች ትሠራላችሁ፣ ግን ኢሙሌተሩን እርሱት፣ በራሳችሁ ስልክ ነው የምትሞክሩት። 4 ጂቢ ከሆነ ጊዜያችሁን አታቃጥሉ። ላፕቶፑ ራም የሚቀበል ከሆነ መጀመሪያ ራም አስጨምሩ።

ዲስክ። ሲ ድራይቭ ላይ 20 ጂቢ ያህል ባዶ ቦታ ይኑር። ኤስኤስዲ ካልሆነና አሮጌው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ከሆነ ሥራው ይሠራል፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

የዊንዶውስ ስም። ይሄ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር ነው። ሲ ድራይቭ ውስጥ "ዩዘርስ" የሚለውን ፎልደር ክፈቱና በስማችሁ የተሰየመውን ፎልደር እዩ። ስሙ በአማርኛ ፊደል ከተጻፈ ወይም በመሃሉ ክፍተት ካለው ኋላ ላይ ያስቸግራችኋል፣ ምክንያቱም ስቱዲዮ ዕቃዎቹን የሚያስቀምጠው እዚያ ውስጥ ነው፣ ከስር የሚሠሩት መሣሪያዎች ደግሞ የእኛን ፊደል በፎልደር አድራሻ ውስጥ ሲያገኙ ይደናቀፋሉ። የመግቢያ ስሙን ከሴቲንግ መቀየር ፎልደሩን አይቀይረውም። መፍትሔው በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍተት፣ አዲስ የዊንዶውስ አካውንት መክፈትና በእሱ መሥራት ነው።

ዳታ። ኢንስቶለሩ ብቻውን ከ1 ጂቢ በላይ ነው። ኤስዲኬው (የአንድሮይድ መገንቢያ መሣሪያዎች)፣ ግሬድል (አፑን የሚገነባው ክፍል) እና ላይብረሪዎቹ (ተዘጋጅተው የሚመጡ ኮዶች) ሲጨመሩ 5 ጂቢ ገደማ ይዛችሁ ተቀመጡ። የግቢ ዋይፋይ ካላችሁ በእሱ፣ ከሌላችሁ በሌሊት ጥቅል።

ባትሪ። ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። ዊንዶውስ በራሱ እንዳይተኛ "ስሊፕ" የሚለውን ሴቲንግ "ኔቨር" አድርጉት። ሌሊት አውርዱ ብላችሁት ላፕቶፑ በመሃል ከተኛ፣ ጠዋት የምታገኙት የተቋረጠ ፋይል ነው።

2. ማውረድና መጫን

1. የምታወርዱት ከራሱ ከጉግል የአንድሮይድ ዴቨሎፐሮች ገጽ ብቻ ይሁን። ቴሌግራም ላይ "ሙሉ ኦፍላይን" እየተባለ የሚዞረውን አትንኩ። ውስጡ ምን እንደተጨመረበት አታውቁም፣ ነገ የአፓችሁን መፈረሚያ ቁልፍ የምታስቀምጡት ደግሞ በዚሁ ማሽን ላይ ነው።

2. ኢንተርኔታችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ ብሮውዘሩን ትታችሁ ከቆመበት መቀጠል በሚችል ዳውንሎድ ማናጀር አውርዱ። ሲያልቅ የፋይሉን መጠን ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ።

3. ኢንስቶለሩን ክፈቱ። "አንድሮይድ ቨርቹዋል ዲቫይስ" የሚለው ሳጥን ላይ ያለውን ምልክት አንሱ፣ 8 ጂቢ ራም ካላችሁ አያስፈልጋችሁም።

4. ስቱዲዮ መጀመሪያ ሲነሳ "ስታንዳርድ" ወይስ "ከስተም" ብሎ ይጠይቃል። "ከስተም" በሉ። እዚያም ኤስዲኬውን ትታችሁ ከቨርቹዋል ዲቫይሱ ላይ ምልክቱን አንሱ። በዚህ ብቻ ብዙ ዳታ ይተርፋችኋል።

5. የስምምነት ገጹ ላይ ሰው ሁሉ ይቆማል። "ፊኒሽ" የሚለው በተን ደብዝዞ አልነካ ይላል። የተበላሸ ነገር የለም። በግራ በኩል የተዘረዘሩትን ፈቃዶች አንድ በአንድ ንኩና ለእያንዳንዳቸው "አክሴፕት" በሉ፣ ከዚያ በተኑ ይበራል።

6. ጃቫ ለብቻው አትጫኑ። ስቱዲዮ የራሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ብዙ የቆዩ ትምህርቶች መጀመሪያ ጃቫ ጫኑ ይላሉ፣ ያ አልፏል።

እዚህ ደረጃ ላይ ኔትወርክ ቢሄድ "ሪትራይ" በሉ። ካልሆነ ዝጉትና ኔትወርኩ ሲመለስ ክፈቱት፣ ካቆመበት ደረጃ ይጠይቃችኋል።

3. ፕሮጀክቱን መክፈት

"ኒው ፕሮጀክት" ስትሉ የሚመጡት ሳጥኖች ላይ ተጠንቀቁ። "ኢምፕቲ አክቲቪቲ" የሚለው አዲሱን የኮምፖዝ አሠራር (ስክሪኑ በኮድ የሚሠራበትን) ነው የሚከፍተው፣ በኮትሊን ቋንቋ ብቻ ይሠራል፣ ስክሪኑ የሚነደፍበት ኤክስኤምኤል ፋይል የለውም። በክፍል ወይም በዩቲዩብ የምትከታተሉት ትምህርት ኤክስኤምኤል ላይ በተን እየጎተተ የሚያስቀምጥ ከሆነ "ኢምፕቲ ቪውስ አክቲቪቲ" የሚለውን ምረጡ። "ጃቫ የሚለው ምርጫ የት ሄደ?" "ሌይአውት ፎልደሩ ጠፋብኝ" የሚሉት ጥያቄዎች መልሳቸው ይሄው ነው፣ ሳጥኑን ተሳስታችሁ ነው። እዚህ መመሪያ ውስጥ ሁለተኛውን ከኮትሊን ጋር ነው የምጠቀመው።

ከዚያ ቅጹን ሙሉ።

ስም፦ ለጊዜው በእንግሊዝኛ ፊደል። የአማርኛውን ስም ኋላ እናስገባዋለን።

ፓኬጅ ኔም፦ "ኮም ኤግዛምፕል" ብሎ የሚመጣውን አትተዉት፣ ፕሌይ ስቶር አይቀበለውም። የራሳችሁን ነገር በትንንሽ ፊደል ጻፉ። አፑ ፕሌይ ስቶር ከገባ በኋላ ይህ መለያ አይቀየርም፣ ስለዚህ አሁን አስቡበት።

ቦታ፦ ሲ ወይም ዲ ድራይቭ ላይ አጭር ስም ያለው ፎልደር። በዋንድራይቭ የሚመሳሰል ዴስክቶፕ ላይ አታስቀምጡ። ስቱዲዮ የሚሠራበትን ፋይል ዋንድራይቭ ይዞ ይቆይና "ፋይሉን ማጥፋት አልተቻለም" የሚል ስህተት ያመጣባችኋል።

ሚኒመም ኤስዲኬ፦ ኤፒአይ 24፣ ማለትም አንድሮይድ 7.0። ገጠር ያለው ሰው የያዘውን የቆየ ስልክ አስቡ፣ ለገበያ ዋጋ አፕ የምትጽፉት ለእሱ ነው። ስለዚህ ያለ ምክንያት ከፍ አታድርጉት።

4. የመጀመሪያው ሲንክ፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት

ፕሮጀክቱ ሲከፈት ከታች በቀኝ በኩል የምትሄድ መስመር ትታያለች። ግሬድል የሚባለው ክፍል አፑን ለመገንባት የሚያስፈልገውን እያወረደ ነው፣ ሲንክ የሚባለው ይሄ ነው። ከታች በግራ "ቢልድ" የሚለውን መስኮት ክፈቱ፣ የሚወርደውን ነገር ስም እያያችሁ ትጠብቃላችሁ። በእኛ ኔትወርክ ብዙ ሊቆይ ይችላል። እስኪጨርስ ኮድ አትጻፉ፣ ፋይል አታንቀሳቅሱ፣ "ራን" አትበሉ። ቀይ የሆነው ኮድ ሁሉ ሲንኩ ሲያልቅ በራሱ ይጠራል። በዚህ ሰዓት ቀዩን ለማስተካከል ብላችሁ ኢምፖርት የሚሉትን መስመሮች መሰረዝና መጨመር የጀመራችሁ እንደሆነ ደህናውን ኮድ ነው የምታበላሹት።

አልቋል የሚባለው ቢልድ መስኮቱ ላይ አረንጓዴ ምልክት ሲመጣና ከላይ ከሦስት ማዕዘኗ የራን ምልክት አጠገብ "አፕ" የሚል ጽሑፍ ሲታይ ነው።

ሲንኩ ከወደቀ

ከሁሉ በፊት የመጀመሪያውን የስህተት መስመር አንብቡ። የመጨረሻውን አይደለም።

"ታይምድ አውት" ወይም "ኮኔክሽን ሪሴት" ካለ ኔትወርክ ነው። ምንም አትሰርዙ። ኔትወርኩ ሲመለስ የዝሆን ምልክት ያለውን የሲንክ በተን ንኩ። ሙሉ በሙሉ የወረዱት ፋይሎች ተቀምጠዋል፣ ደግሞ አያወርዳቸውም። ስለዚህ አምስቴም አስሬም ቢሆን በየቁራጩ ይሞላል።

"ኩድ ኖት ሪዞልቭ" ካለና ኔትወርክ ካላችሁ ቪፒኤን ወይም ፕሮክሲ እዩ። ሴቲንግስ ውስጥ "ኤችቲቲፒ ፕሮክሲ" የሚለው ላይ "ኖ ፕሮክሲ" ይሁን። የግቢ ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁና ብሮውዘር ላይ ገብታችሁ ይለፍ ቃል የምትሞሉበት ዓይነት ከሆነ፣ መጀመሪያ እዚያ ግቡ። ስቱዲዮ ያንን ገጽ ማየት አይችልም።

"ኤረር ኢን ኦፕኒንግ ዚፕ ፋይል" ካለ በግማሽ የቀረው ፋይል ይሄ ነው። ስቱዲዮን ዝጉ። በስማችሁ ያለውን የዩዘርስ ፎልደር ክፈቱ፣ ከፊቱ ነጥብ ያለውን የግሬድል ፎልደር፣ ከዚያ "ራፐር"፣ ከዚያ "ዲስትስ"። እዚያ ያለውን የግሬድል ቨርዥን ፎልደር ብቻ ሰርዙና ስቱዲዮን ክፈቱ። ሙሉውን የግሬድል ፎልደር እንዳትሰርዙ፣ ያወረዳችሁት ላይብረሪ ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ምንም ግልጽ ነገር ከሌለና ፕሮጀክቱ ግራ የገባው ከመሰለ "ፋይል" ውስጥ "ኢንቫሊዴት ካሽስ" አለ። ይሄ የመጨረሻ ሙከራ ይሁን፣ ስቱዲዮው ሁሉንም ነገር እንደገና ስለሚያነብ ደካማ ላፕቶፕ ላይ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

ኢንተርኔቱን ከመዝጋታችሁ በፊት

ሲንክ ጨረሰ ማለት ሁሉም ወረደ ማለት አይደለም። ይህን ማንም አይነግራችሁም። አንዳንዱ ነገር የሚወርደው አፑ ሲገነባ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ለሕዝብ የሚሄደው ቅጂ ሲገነባ ብቻ ነው። ስለዚህ ዳታ እያላችሁ ሁለት ነገር አድርጉ፦ የመዶሻ ምልክቱን ንኩና አንዴ እስከ መጨረሻ ይገንባ። ከዚያ ደረጃ 9 ላይ ያለውን ፊርማ ያለው ኤፒኬ (ስልክ ላይ የሚጫነው የአፕ ፋይል) በባዶው ፕሮጀክት አንዴ አውጡ። ሁለቱም ካለፉ በቂ ነው።

አሁን በቀኝ ጠርዝ ያለውን የግሬድል መስኮት (ዝሆኗን) ክፈቱ። ከላይ ከተደረደሩት ትንንሽ ምልክቶች ማውሱን ስታስጠጉት "ቶግል ኦፍላይን ሞድ" የሚለውን ንኩ። ከዚህ በኋላ ስቱዲዮ ኔትወርክ አይጠይቅም፣ ኔትወርኩ ቢጠፋም አይወድቅም። ሥራው ራሱ ይፈጥናል።

አዲስ ላይብረሪ ስትጨምሩ "ኖ ካሽድ ቨርዥን" የሚል ይመጣል። ኦፍላይኑን አንሱ፣ ሲንክ አድርጉ፣ ገንቡ፣ መልሱት።

"አዲስ የግሬድል ፕላጊን ወጥቷል፣ ላሻሽለው?" እያለ ጥግ ላይ የሚጠይቀውንም ዝም በሉት። እሺ ካላችሁ ያወረዳችሁትን ትቶ አዲስ ክምር ያወርዳል። ሴቲንግስ ውስጥ "አፕዴትስ" የሚለውን ገብታችሁ የራሱን የስቱዲዮውን ማሻሻያ ፍለጋም አጥፉ።

ከጓደኛ መገልበጥ

ኮምቦልቻ ግቢ ያለ ጓደኛችሁ ጨርሶ ከሆነ እናንተ ሐይቅ ወይም መርሳ ተቀምጣችሁ 5 ጂቢ ማውረድ አይጠበቅባችሁም። ከእሱ ማሽን ሦስት ነገር ውሰዱ፦ ነጥብ ያለውን የግሬድል ፎልደር፣ "አፕዳታ" ውስጥ "ሎካል" ውስጥ ያለውን "አንድሮይድ" ፎልደር እና አንድ የሚሠራ ፕሮጀክት። የስቱዲዮው ኢንስቶለርም ያው የእሱ ይሁን። አፕዳታ የተደበቀ ፎልደር ነው፣ "ቪው" ውስጥ "ሂደን አይተምስ" ላይ ምልክት አድርጉ።

ከመገልበጣችሁ በፊት የሁለታችሁም ስቱዲዮ ይዘጋ። ፎልደሮቹን ዚፕ አድርጓቸው፣ ውስጣቸው እጅግ ብዙ ትንንሽ ፋይል ስላለ በቀጥታ ወደ ፍላሽ ሲሄዱ አያልቁም። ፍላሹ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጂቢ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ዚፑን ለሁለት ክፈሉት። እናንተ ጋ በተመሳሳይ ቦታ አስቀምጡ፣ ኦፍላይኑን አብሩና ሲንክ አድርጉ። የኤስዲኬው አድራሻ ልዩ ነው ብሎ ከጠየቀ "ኦኬ" በሉት፣ በእናንተው ይተካዋል።

5. ስልካችሁን ማገናኘት

1. ስልኩ ላይ ሴቲንግ፣ "አባውት ፎን"፣ "ቢልድ ነምበር"። እሱን ሰባት ጊዜ ንኩት። ሳምሰንግ ላይ "ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን" ውስጥ ነው ያለው።
2. "ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ" ይከፈታል። አብዛኛው ስልክ ላይ "ሲስተም" ውስጥ ታገኙታላችሁ። "ዩኤስቢ ዲበጊንግ" የሚለውን አብሩ።
3. በኬብል አገናኙ። ስልኩ "ይህን ኮምፒውተር ልመን?" ብሎ ይጠይቃል። ሁልጊዜ እመን የሚለው ላይ ምልክት አድርጋችሁ እሺ በሉ።
4. ስቱዲዮው ላይ ከራን ምልክቱ አጠገብ የስልኩ ስም ይመጣል። ራን።

ካልመጣ፣ ከሁሉ በፊት ኬብሉን ቀይሩ። ከርካሽ ቻርጀር ጋር የሚመጡት ብዙ ኬብሎች ቻርጅ ብቻ ናቸው፣ ዳታ አያሳልፉም። መለያው ቀላል ነው፦ ፎቶዎቻችሁ ላፕቶፑ ላይ ካልታዩ ኬብሉ አይሆንም። ፎቶ ከታየና ስቱዲዮው አሁንም ካላየው የስልኩን ማስታወቂያ ወደ ታች ስባችሁ "ፋይል ትራንስፈር" አድርጉት። ከዚያ ደግሞ ድራይቨር አለ። "ኤስዲኬ ማናጀር"፣ "ኤስዲኬ ቱልስ"፣ "ጉግል ዩኤስቢ ድራይቨር"። አንዳንድ ስልክ የራሱን ኩባንያ ድራይቨር ይፈልጋል። የመታመኛ ጥያቄውን በችኮላ "አይ" ያላችሁት ከሆነ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ "ሪቮክ ዩኤስቢ ዲበጊንግ ኦቶራይዜሽንስ" በሉና ነቅላችሁ ሰኩ። ሻዎሚ ላይ "ኢንስቶል ቪያ ዩኤስቢ" የሚል ሌላ ማብሪያም አለ፣ እሱ ካልበራ አፑ አይጫንም።

ስልኩ አንድሮይድ 11 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና ስልክና ላፕቶፕ አንድ ዋይፋይ ላይ ካሉ ያለ ኬብልም ይሆናል። ስልኩ ላይ "ዋየርለስ ዲበጊንግ" አብሩ፣ ስቱዲዮው ላይ "ፔር ዲቫይስስ ዩዚንግ ዋይፋይ" በሉና የሚመጣውን ኪውአር አንሱት። ዋይፋዩ ዳታ ባይኖረውም ችግር የለም። የጓደኛ ስልክ ሆትስፖት ይበቃል።

6. ስክሪኑን መሥራት

የሌይአውት ፋይሉን ስትከፍቱ ከላይ በቀኝ ሦስት አማራጭ አለ፦ ኮድ፣ ስፕሊት፣ ዲዛይን። ስፕሊት ላይ ሥሩ፣ ጽሑፉንም ስዕሉንም አብራችሁ ታያላችሁ።

ሁለት የጽሑፍ ሳጥንና አንድ በተን ጎትታችሁ አስቀምጡ። ዲዛይኑ ላይ ሸጋ ሆኖ ይታያል። ስልኩ ላይ ስትከፍቱት ሦስቱም ከላይ በግራ ጥግ ተደራርበው ታገኟቸዋላችሁ። ምክንያቱ ሳጥኖቹ ከምንም ጋር አልታሰሩም። ኮንስትሬንት ሌይአውት ላይ እያንዳንዱ ነገር ቢያንስ አንድ አግድምና አንድ የቁም ማሰሪያ ያስፈልገዋል። ሳጥኑን ስትነኩት ጎኖቹ ላይ ትንንሽ ክቦች ይወጣሉ፣ ክቧን ይዛችሁ ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ወይም ወደ ሌላው ሳጥን ጎትቱ። የአስማት ዱላ የምትመስለው ምልክት ሁሉንም በግምት ታስራለች፣ ግን ግምቷ ሌላ መጠን ያለው ስልክ ላይ ብዙ ጊዜ ይዛነፋል፣ በእጃችሁ እሰሩ።

አማርኛውን ማስገባት። በተኑ ላይ "አስቀምጥ" ብላችሁ በቀጥታ አትጻፉ። "ስትሪንግስ" የሚለውን ፋይል በቀኝ ክሊክ አድርጉና "ትራንስሌሽንስ ኤዲተር" ክፈቱ። የሉል ምልክቷን ነክታችሁ አማርኛን ጨምሩ። አንድ ዓምድ ለእንግሊዝኛ፣ አንድ ለአማርኛ ይሆንላችኋል፣ የአፑ ስምም እዚሁ ይተረጎማል። የስልኩ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን አማርኛው ይመጣል። ስልኩን በእንግሊዝኛ የሚጠቀም ግን አማርኛ ብቻ ለሚችል ሰው የምትሠሩ ከሆነ፣ ዋናው ዓምድ ላይ ራሱ አማርኛውን ጻፉ። ባቲ ገበያ ላይ ያለው ሰው ስልኩ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አያስበውም።

ኤዲተሩ ላይ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ ሴቲንግስ ውስጥ "ኤዲተር"፣ "ፎንት" ገብታችሁ "ፎልባክ ፎንት" የሚለውን "ኢብሪማ" አድርጉት። "ፋይል ኢንኮዲንግስ" ደግሞ ዩቲኤፍ 8 ይሁን።

7. አፑ ተከፍቶ ሲዘጋ

"አፑ ክራሽ አደረገ" ብላችሁ አትላኩልኝ። ምን እንደሆነ ስልኩ የሚያወጣውን መልእክት በሚያሳየው መስኮት፣ በሎግካት፣ ላይ ተጽፏል።

ከታች ሎግካትን ክፈቱ። መስመሮቹ እንደ ጎርፍ ይወርዳሉ፣ አትደንግጡ፣ አብዛኛው የስልኩ ወሬ ነው። የፍለጋ ሳጥኗ ላይ "ፓኬጅ" ጻፉና ከሚመጡት "ማይን" የሚለውን ምረጡ፣ የእናንተ አፕ ብቻ ይቀራል። አፑን እንደገና አስዘጉት። ቀይ ክምር ይመጣል፣ አናቱ ላይ "ፌታል ኤክሴፕሽን" ይላል። ወደ ታች ውረዱና የመጨረሻውን "ኮዝድ ባይ" ፈልጉ። ከእሱ ስር ካሉት መስመሮች ሰማያዊ ሆኖ የራሳችሁን ፋይል ስም የያዘውን የመጀመሪያውን ንኩ። ስቱዲዮው ስህተቱ ያለበት መስመር ላይ ያደርሳችኋል።

በእኛው አፕ እንየው። ዋጋ ሳጥኑ ላይ 1200 ሲጻፍ ይሠራል። አንድ ሰው 1,200 ብሎ በኮማ ሲጽፍ አፑ ይዘጋል። ሎግካቱ "ነምበር ፎርማት ኤክሴፕሽን" ይላል፣ የሚያሳየው መስመር ጽሑፉን ወደ ቁጥር የሚቀይረው "ቱ ኢንት" ያለበት ነው። ሳጥኑ ባዶ ሲሆንም ይኸው ነው።

አሁን ዲበገሩን፣ ማለትም አፑን በመሃል አቁሞ ውስጡን የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ተጠቀሙ። ያ መስመር ቁጥሩ የተጻፈበት ላይ አንዴ ክሊክ አድርጉ፣ ቀይ ነጥብ ይቀመጣል። በራን ፋንታ ጥንዚዛዋን ንኩ። ስልኩ ላይ 1,200 ጽፋችሁ አስቀምጥ በሉ። አፑ እዚያ መስመር ላይ ይቆማል፣ ከታች ተለዋዋጮቹ የያዙት ነገር ይታያል። ኮማዋን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ኤፍ 8 አንድ መስመር ያሳልፋል፣ ኤፍ 7 ወደ ፈንክሽኑ ውስጥ ያስገባል፣ ኤፍ 9 ይለቀዋል። ማስተካከያው፦ መጀመሪያ ኮማውን አውጡ፣ ከዚያ "ቱ ኢንት" በነበረበት "ቱ ኢንት ኦር ነል" ተኩ፣ ነል (ባዶ) ከሆነ "ዋጋውን በቁጥር ብቻ ይጻፉ" የሚል መልእክት አሳዩ።

ቀይ ነጥቡ ውስጡ ባዶ ከሆነ ወይም አፑ ካልቆመ በራን ነው ያስነሳችሁት። በጥንዚዛዋ አስነሱ።

8. ስታክ ሲያደርግና መብራት ሲሄድ

ላፕቶፑ ስታክ ካደረገ ክሮምን ዝጉ፣ ብዙ ጊዜ ራሙን የሚበላው እሱ ነው። በባትሪ ላይ ስትሆኑ "ፋይል" ውስጥ "ፓወር ሴቭ ሞድ" አብሩ። ኮዱን ከኋላ ሆኖ መመርመሩን ያቆማል፣ ስህተት በቀይ ማስመሩም አብሮ ይቆማል፣ ስለዚህ አብርታችሁት እንዳትረሱት። ዊንዶውስ ዲፌንደር እያዘገየ ነው የሚል ማስታወቂያ ከመጣ የፕሮጀክቱን ፎልደር ከፍተሻ እንዲያወጣው ፍቀዱለት፣ ልዩነቱ ይሰማችኋል። 8 ጂቢ ላይ የግሬድልን ማህደረ ትውስታ ከ2 ጂቢ በላይ አታሳድጉ፣ ለዊንዶውስ የሚተርፈው ያንሳል።

ስቱዲዮ የጻፋችሁትን በራሱ ያስቀምጣል። ባትሪ አልቆ ድንገት ቢጠፋ ወይም ደህናውን ኮድ አጥፍታችሁ ቢሆን፣ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ፣ "ሎካል ሂስትሪ"፣ "ሾው ሂስትሪ"። በየሰዓቱ የነበረው መልክ ተደርድሮ ይመጣል፣ የፈለጋችሁትን መርጣችሁ "ሪቨርት"። ይህ መዝገብ ያለው ግን በዚሁ ማሽን ላይ ነው። ላፕቶፑ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ መሣሪያ) ተማሩ፣ እስከዚያው ፕሮጀክቱን ፍላሽ ላይ ገልብጡ።

9. ለሰው የሚሰጥ ኤፒኬ ማውጣት

በራን የተገነባውን ኤፒኬ ከፎልደር ፈልጋችሁ በቴሌግራም አትላኩ። ስቱዲዮ በራን ሲገነባ ፋይሉ ላይ "ለሙከራ ብቻ" የሚል ምልክት ያደርግበታል፣ የሌላ ሰው ስልክ ላይ "አፕ ኖት ኢንስቶልድ" ይላል። ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው፦

1. "ቢልድ" ሜኑ፣ "ጀነሬት ሳይንድ አፕ በንድል ኦር ኤፒኬ"።
2. ለቴሌግራምና ለፍላሽ "ኤፒኬ"፣ ለፕሌይ ስቶር "በንድል"። ፕሌይ ስቶር ከነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ አፕ የሚቀበለው በበንድል ነው።
3. "ክሪኤት ኒው" ብላችሁ የቁልፍ ፋይል ፍጠሩ፣ አፑ የሚፈረመው በዚህ ቁልፍ ነው። ከፕሮጀክቱ ፎልደር ውጪ አስቀምጡት። የፋይሉን ይለፍ ቃል፣ የቁልፉን ስምና የቁልፉን ይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ጻፉ። ዘመኑ 25 ዓመት ይላል፣ አታሳንሱት።
4. "ሪሊዝ" መርጣችሁ ጨርሱ። ሲያልቅ ጥግ ላይ "ሎኬት" የሚል ይመጣል፣ ፋይሉ ያለበትን ይከፍትላችኋል።

ቁልፉን ሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ፣ ለማንም አትስጡ። በፕሌይ ስቶር ከሆነ የመስቀያ ቁልፍ ጠፋብኝ ብሎ መተካት ይቻላል። በቴሌግራም ላሰራጫችሁት አፕ ግን የሚተካላችሁ የለም። ቁልፉ ከጠፋ አዲሱ ቅጂ በአሮጌው ላይ አይጫንም፣ ተጠቃሚው አሮጌውን ማጥፋት አለበት፣ ሲያጠፋው የመዘገበው ዋጋ ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ማሻሻያ ስታወጡ የአፑን የግሬድል ፋይል ከፍታችሁ "ቨርዥን ኮድ" የሚለውን ቁጥር በአንድ ከፍ አድርጉ፣ በዚያው ቁልፍ ፈርሙ። ጓደኛችሁ "አልጫን አለኝ" ካለ በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁት፦ ስልኩ ከአንድሮይድ 7.0 በታች ነው? ከራን የመጣውን የድሮ ቅጂ ጭኖት ነበር? (ፊርማው ስለሚለያይ መጀመሪያ ያጥፋው፣ የመዘገበው ዋጋ ካለ ቀድሞ ይገልብጠው።) ቦታ አለው? ቴሌግራም አፕ እንዲጭን ሴቲንግ ላይ ፈቅዶለታል?